በቃል ያለ ይረሳል

አንድ መኪና በሎስ አንጀለስ ጎዳና ላይ ይሄዳል። የሞተሩ ድምፅ አይሰማም። የአላፊ አግዳሚው ጫጫታ የለም፤ የጡሩምባ ጩኸትም የለም። የሚሰማው የጽሕፈት መኪና ብቻ ነው። ፊደሎቹ ወረቀቱን በፍጥነት ይመታሉ፣ ለአፍታ ያርፋሉ፣ መልሰው ይቀጥላሉ። ካሜራው ወደ አንድ ረጅም ሕንጻ ላይኛው ፎቅ ይወስደናል፤ እዚያ አንድ ሰው በሥራው ተመስጦ ይተይባል። ባለመኪናው ከታች እየቀረበ ነው። የሚተይበው ሰው አላየውም፤ እኛ ግን ሁለቱንም እናያለን። የሁለቱን ምስል አንድ ላይ የሚሰፋው ያ የፊደል ምት ነው። በሩ ሲንኳኳ ድምፁ ይቆማል። ሰውየው ተነሥቶ ሲከፍት የሽጉጥ አፈሙዝ ተደቅኖበታል።

ሽጉጡ ለጊዜው ቀልድ ነው። ከሰዓታት በኋላ ግን ቀልድነቱ ያበቃል።

ይህ ትዕይንት «ኮሎምቦ» የተባለው የአሜሪካ ተከታታይ የምርመራ ድራማ መደበኛ ሥርጭቱን የጀመረበት ክፍል መክፈቻ ነው። የክፍሉ ርእስ «መርደር ባይ ዘ ቡክ» ይባላል፤ በእኛ ቋንቋ «እንደ መጽሐፉ የተፈጸመ ግድያ» ልንለው እንችላለን። ኤንቢሲ የቴሌቪዥን ጣቢያ ያሰራጨው ረቡዕ ማታ እ.ኤ.አ. ሴፕቴምበር 15 ቀን 1971 ነበር። በእኛ አቆጣጠር መስከረም 4 ቀን 1964 ዓ.ም. መሆኑ ነው። ከዚህ በታች ያሉት ዓመታትም ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር የተጻፉ ናቸው።

ከዚያች ማታ ወዲህ ከ50 ዓመት በላይ ቢያልፍም ተመልካቾች ስለዚህ ክፍል መከራከራቸውን አልተዉም። አንዱ ወገን ከ69ኙ የኮሎምቦ ክፍሎች ቁንጮው ይህ ነው ይላል። ሌላው አጀማመሩ ያማረ፣ አጨራረሱ የሳሳ ነው ብሎ ይሞግታል። ሦስተኛው ወገን ስለ ካሜራውም ስለ አጨራረሱም ብዙ አይጨነቅም፤ የሚያንገበግበው የአንዲት ባለሱቅ ሴት ሞት ነው። እኔ ክፍሉን ደጋግሜ አይቼዋለሁ፤ ባየሁት ቁጥርም ከሦስቱ ወደ አንዱ ወገን ስሳብ ኖሬያለሁ። ቆይቶ የገባኝ ግን ሦስቱም የሚከራከሩት ስለ አንድ ጉዳይ መሆኑ ነው። ማወቅ ሌላ፣ ማስረዳት ሌላ። በሁለቱ መካከል ያለው ርቀት ነው ሁሉንም የሚያሟግታቸው።

ገዳዩን ይዞ የሚጀምር ታሪክ

በተለመደው የወንጀል ታሪክ መጀመሪያ ሬሳ ይገኛል፤ ቀጥሎ ተጠርጣሪዎች ይደረደራሉ፤ በመጨረሻ የገዳዩ ማንነት ይገለጣል። ኮሎምቦ ይህን ይገለብጠዋል። ግድያው ከነአፈጻጸሙ፣ ገዳዩ ከነምክንያቱ ገና ከጅምሩ ይታየናል። «ማን ገደለው?» የሚለው ጥያቄ ተመልሶ ካለቀ በኋላ ነው መርማሪው የሚመጣው። ከዚያ ወዲያ የምንጠብቀው «እንዴት አድርጎ ይይዘው ይሆን?» የሚለውን ነው።

አተራረኩ ከቴሌቪዥን የቆየ ነው። እንግሊዛዊው ደራሲ ኦስቲን ፍሪማን በ1912 ባሳተመው የአጫጭር ልብ ወለዶች መድበል ሠርቶበታል። የኮሎምቦ ፈጣሪዎች ደግሞ ለመርማሪያቸው ጠባይ ከዶስቶየቭስኪ «ወንጀልና ቅጣት» እንደተዋሱ አልደበቁም። መጽሐፉን ያነበበ ሰው ፖርፊሪ ፔትሮቪችን አይረሳውም፤ ወንጀለኛውን በወሬ እያዋዛ፣ የማያውቅ እየመሰለ፣ ነፍሱን ቀስ በቀስ የሚያስጨንቀውን መርማሪ። ሎስ አንጀለስ ላይ የዝናብ ኮት ለብሶ ብቅ ያለው የእሱ ዘመድ ነው።

ፈጣሪዎቹ ሪቻርድ ሌቪንሰንና ዊልያም ሊንክ ናቸው። በፊላደልፊያ አካባቢ በልጅነታቸው ትምህርት ቤት ተዋውቀው፣ ሌቪንሰን በ1987 እስኪሞት ድረስ አብረው የጻፉ ጓደኛሞች ነበሩ። ኮሎምቦን መጀመሪያ በ1960 በአንድ የቴሌቪዥን ድራማ በርት ፍሪድ ተጫወተው። በ1962 በመድረክ ቴአትር ቶማስ ሚቸል ተጫወተው። በ1968 ፒተር ፎልክ እጅ ሲገባ ግን ገጸ ባሕርይው ባለቤቱን አገኘ። ፎልክ በ1927 ኒው ዮርክ የተወለደ፣ በሦስት ዓመቱ በካንሰር ምክንያት ቀኝ ዓይኑን ያጣ ተዋናይ ነው። የተጨማደደው ኮት የራሱ ነበር፤ ያችን ያረጀች ፔዦ 403 መኪናም የመረጣት እሱ ራሱ ነው። ያ አንገቱን ዘንበል፣ ዓይኑን ጠበብ አድርጎ የማየት ልማድ፣ ያ ከበሩ ተመልሶ «አንድ ነገር ብቻ፣ ጌታዬ» ማለት ከተዋናዩ ጋር ተዋሕዶ በመላው ዓለም ታወቀ። በሀንጋሪ ዋና ከተማ ቡዳፔስት እንኳ በ2014 ከውሻው ጋር ሐውልት ቆሞለታል።

ተመልካች ኮሎምቦን የሚወድበት ምክንያት ብዙ ቢሆንም ሥሩ አንድ ይመስለኛል። ገዳዮቹ ሁልጊዜ ማለት ይቻላል ባለጸጎች፣ የተማሩ፣ አንደበተ ርቱዕና የተከበሩ ሰዎች ናቸው። መርማሪው በለበሰው ኮት የተነሣ ከቁብ አይቆጥሩትም። እሱም አይከፋም፤ ንቀታቸውን እንደ መሣሪያ ይጠቀምበታል። ሞኝ መስሎ ይጠይቃቸዋል፣ እነሱም ብልህ መሆናቸውን ሊያሳዩ ይመልሱለታል። ሲመልሱ ይያዛሉ።

ሁለት ደራሲዎች፣ አንድ ብዕር

በዚህ ክፍል ኬን ፍራንክሊንና ጂም ፌሪስ የወንጀል ልብ ወለድ ደራሲዎች ናቸው። ወይዘሮ ሜልቪል የተባለች መርማሪ ገጸ ባሕርይ ፈጥረው በእሷ ስም ሀብታም ሆነዋል። የሁለቱም ስም በመጻሕፍቱ ሽፋን ላይ አብሮ ይታተማል። እውነቱ ግን ሌላ ነው። መጻሕፍቱን የሚጽፈው ፌሪስ ብቻ ነው። ፍራንክሊን ቃለ መጠይቅ ይሰጣል፣ ግብዣ ላይ ይገኛል፣ ፎቶ ይነሣል፣ ገንዘቡን ይበትናል። አሁን ፌሪስ በቃኝ ብሏል፤ ለብቻው ሌላ ዓይነት መጽሐፍ ሊጽፍ ይፈልጋል። ያ ከሆነ ፍራንክሊን ያልቅለታል። በፌሪስ ሕይወት ላይ የተገባ የመድን ዋስትና መኖሩ ደግሞ ነገሩን ያባብሰዋል።

ፍራንክሊን እርቅ የፈለገ መስሎ ሻምፓኝ ይዞ ይመጣል። ጓደኛውን አግባብቶ ሳን ዲዬጎ አካባቢ ወዳለው የሐይቅ ዳር ጎጆው ይወስደዋል። ከሕንጻው ሲወጡ አንድ ነገር ረሳሁ ብሎ ይመለስና ቢሮውን ያተራምሰዋል። ጎጆው ከመድረሳቸው በፊት አንዲት ትንሽ ሱቅ አጠገብ ይቆማሉ። ፌሪስ መኪናው ውስጥ ሲቀር ፍራንክሊን ከሱቁ ስልክ ለፌሪስ ሚስት ለጆአና ደውሎ ጎጆው የመጣሁት ብቻዬን ነው ይላታል። ጎጆው ከደረሱ በኋላ ፌሪስ ለሚስቱ እንዲደውልና ቢሮ አመሻለሁ እንዲላት ያግባባዋል። ፌሪስ እየሣቀ ይደውላል። ወሬው ሳያልቅ ተኩሱ በስልኩ በኩል ጆሮዋ ውስጥ ይገባል።

ጆአና ባሏ ቢሮው ውስጥ እንደተገደለ ለፖሊስ ትናገራለች። በገዛ ጆሮዋ ሰምታለችና አትጠራጠርም። ፖሊስ ሲሄድ የተተራመሰ ቢሮ ያገኛል፤ ሬሳ ግን የለም። ሬሳውን ፍራንክሊን በመኪናው አምጥቶ በገዛ ቤቱ ሣር ላይ ይጥልና ራሱ ለፖሊስ ይደውላል።

ኮሎምቦ ወደ ታሪኩ የሚገባው ያለ አጀብ ነው። ጆአና በሕንጻው ኮሪደር ውኃ ልትጠጣ ስትሄድ ያገኛታል። ጥያቄ አያዥጎደጉድባትም። ቤቷ ወስዶ ኩሽና ገብቶ እንቁላል ይጠብስላታል። ብዙ ተመልካቾች ከዚህ ክፍል የሚያስታውሱት ይህን እንቁላል ነው፤ ትክክልም ናቸው። ባሏ በጆሮዋ ውስጥ የተገደለባት ሴት ያን ሌሊት የሚያስፈልጋት አብሯት የሚቀመጥ ሰው ነው፤ መርማሪው ይህን ያውቃል። ለለቅሶ ቤት እንጀራ ተሸክሞ የሚሄድ ሕዝብ ይህን ትዕይንት ለመረዳት አስተርጓሚ አያሻውም።

የ24 ዓመቱ ዳይሬክተር

ክፍሉን ቁንጮ ነው የሚሉት ተመልካቾች በመጀመሪያ የሚጠቅሱት የዳይሬክተሩን ስም ነው፤ ስቲቨን ስፒልበርግ። ያኔ 24 ዓመቱ ነበር። በዩኒቨርሳል ስቱዲዮ ውል ፈርሞ የቴሌቪዥን ሥራ የሚሠራ፣ ገና ስሙ ያልታወቀ ወጣት ነው። ከሁለት ወር በኋላ «ዱኤል» የተባለውን የቴሌቪዥን ፊልም አሳየ፤ ከአራት ዓመት በኋላ «ጆውስ» ዓለምን አናወጠ። የክፍሉ ጸሐፊ ስቲቨን ቦችኮም የ27 ዓመት ወጣት ነበር፤ በኋላ «ሂል ስትሪት ብሉዝ» በተባለው የፖሊስ ድራማ የአሜሪካን ቴሌቪዥን አቅጣጫ ከቀየሩት አንዱ ሆኗል። ከወጣቶቹ ጎን የቆመው የካሜራ ባለሙያ ግን አንጋፋው ራስል ሜቲ ነው፤ «ስፓርታከስ» በተሰኘው ፊልም ኦስካር የተሸለመ።

የእጃቸው ሥራ ይታያል። በዘመኑ የቴሌቪዥን ድራማ በአብዛኛው የፊት ለፊት ምስል ነበር፤ ሰው ይናገራል፣ ካሜራው ፊቱን ያሳያል፣ ሌላው ይመልሳል። እዚህ ግን ካሜራው ሩቅ ቆሞ ሰውን ከሕንጻና ከመስታወት ጋር ያሳያል። ፎልክ ከዓመታት በኋላ እንደተናገረው፣ ስፒልበርግ ካሜራውን ከመንገዱ ማዶ አስቀምጦ በረጅም ሌንስ ይቀርጸው ነበር። ያ ለተዋናይ ትልቅ ነጻነት እንደሰጠውና ይህ ልጅ ተራ ዳይሬክተር አለመሆኑን ያኔ እንደተረዳ ገልጿል። ለፈጣሪዎቹም ይህ ሰው ለኮሎምቦ ከሚገባው በላይ ነው ብሏቸው ነበር።

ሙዚቃውን የሠራው ቢሊ ጎልደንበርግ የጽሕፈት መኪናውን ምት ከሙዚቃው ጋር አዋሕዶታል። የመክፈቻው ድምፅ ታሪኩን ሁሉ ይከተላል፤ ጸሐፊው ከሞተ በኋላ እንኳ ጽሕፈቱ የቀጠለ ይመስላል። ይህን ነገር መጀመሪያ ሳየው እንደ ጥሩ የድምፅ ሥራ ብቻ ነበር ያለፍኩት። መጨረሻውን ካየሁ በኋላ ተመልሼ ሳዳምጠው ግን ያ ድምፅ ከመነሻው ምስክርነት ሲሰጥ እንደነበር ገባኝ።

በ1997 «ቲቪ ጋይድ» የተባለው መጽሔት ከዘመናት ሁሉ ምርጥ ያላቸውን 100 የቴሌቪዥን ክፍሎች ሲመርጥ ይህን 16ኛ አድርጎታል። ለአድናቂዎቹ ይህ ክርክሩን የሚዘጋ ማኅተም ነው። ለተቃዋሚዎቹ ግን ዋናውን ጥያቄ አይመልስም፤ እነሱ የሚጠይቁት ስለ ካሜራው ውበት ሳይሆን ስለ ፍርዱ ነው።

ችሎት ፊት ይቆማል ወይ?

ጥያቄው እንዲህ ነው፤ ኮሎምቦ ገዳዩን ያውቀዋል፣ ግን በምን ያስረዳል?

በእጁ ያለውን እንቁጠር። ፍራንክሊን የጓደኛውን ሬሳ ሣሩ ላይ አግኝቶ ፖሊስ እስኪመጣ ሲጠብቅ ደብዳቤዎቹን ከፍቷል። ጓደኛው የሞተበት ሰው እንዴት ሒሳብ መጠየቂያ ቀድዶ ያነባል? የጆአናን ጭንቀት በስልክ ከሰማ በኋላ በአውሮፕላን ቶሎ መምጣት ሲችል ያን ሁሉ መንገድ በመኪና ተጉዟል። ለምን? የመድን ዋስትናው አለ፤ ከገቢው በላይ ማውጣቱ አለ። እነዚህ ሁሉ የአካባቢ ማስረጃዎች ናቸው። ተደምረው ጥርጣሬን ያሳድጋሉ፤ ተነጣጥለው ሲታዩ ግን እያንዳንዳቸው ሌላ ትርጉም ሊሰጣቸው ይችላል።

ጠንቃቃ ተመልካች ደግሞ ኮሎምቦ ያልጠየቀውን ይጠይቃል። ሬሳው ለሰዓታት የተጓዘበት መኪና ለምን አልተፈተሸም? ከጎጆው ወደ ሎስ አንጀለስ የተደወለው የረጅም ርቀት ጥሪ በስልክ ሒሳብ ላይ አይወጣም ወይ? በዚህ በኩል ተቃዋሚዎቹ የያዙት ቀላል ነገር አይደለም።

የሚያነጻጽሩበት ክፍልም በእጃቸው አለ። በዚያው ዓመት ኖቬምበር የታየው «ሱታብል ፎር ፍሬሚንግ» ላይ ገዳዩ የሥዕል ሐያሲ ነው። የተሰረቁት ሥዕሎች ሌላ ሰው ቤት ሲገኙ ኮሎምቦ የጣት አሻራ ይመርመር ይላል። የሚፈልገው አሻራ የራሱን ነው፤ ቀደም ሲል ሥዕሎቹ በሐያሲው እጅ ሳሉ ነክቷቸዋልና። ሐያሲው አሁን፣ እዚሁ ቆመህ ነክተኻቸው ነው ብሎ ይጮኻል። ኮሎምቦ አንድም ቃል ሳይመልስ እጆቹን ከኮቱ ኪስ ያወጣል። ጓንት አጥልቋል። ታሪኩ እዚያው ያልቃል። ምንም ቀዳዳ የለውም፤ ዳኛ ፊት ቢቀርብ ይቆማል። ተቃዋሚዎቹ ኮሎምቦ ማለት ይህ ነው ይላሉ።

የእኛ ክፍል አጨራረስ እንዲህ አይደለም። ኮሎምቦ ፍራንክሊንን ቤቱ ያገኘዋል። ሁለተኛ ግድያ ተፈጽሟል፤ ወደ እሱ እመለሳለሁ። መርማሪው የተቸገረበትን ነገር ይነግረዋል። የመጀመሪያው ግድያ እጅግ የረቀቀ ነበር፤ ሁለተኛው ግን ዝርክርክ ነው። አንድ ሰው እንዴት ሁለቱን ይሠራል? መልሱ አንድ ብቻ ነው፤ የመጀመሪያው ሐሳብ የአንተ አልነበረም። ሐሳብ የሚያፈልቀው ፌሪስ ነው፤ ፌሪስ ደግሞ የመጣለትን ሐሳብ ሁሉ በወረቀት ላይ የማስፈር ልማድ ነበረው። ከዚያም ከፌሪስ ወረቀቶች መካከል የተገኘውን ማስታወሻ ያነብለታል። አንድ ሰው ወዳጁን ወደ ሩቅ ጎጆ ወስዶ፣ ለሚስቱ እንዲደውል አድርጎ፣ እየተናገረ ሳለ እንደሚገድለው የሚተርክ የልብ ወለድ ንድፍ ነው።

ፍራንክሊን ይሸነፋል። ሽንፈቱ ግን እንግዳ ነው፤ ሐሳቡ የራሴ ነበር ይላል። በሕይወቴ ያፈለቅሁት አንድ ጥሩ ሐሳብ ቢኖር እሱ ነው፤ ከአምስት ዓመት በፊት ለጂም ነግሬው ነበር፤ ይጽፈዋል ብሎ ማን ያስብ ነበር?

ሕግ የሚያውቅ ተመልካች እዚህ ላይ ይናደዳል። የሟች የልብ ወለድ ንድፍ በነፍስ ግድያ ክስ ምን ያስረዳል? ፍራንክሊን ዝም ቢል፣ ጠበቃዬን ጥሩልኝ ቢል፣ ነገሩ እዚያው ላይ ሊቆም ይችል ነበር። አንደበተ ርቱዕ ሰው በአንዲት ብጣሽ ወረቀት የእምነት ቃሉን መስጠቱ አይዋጥለትም።

እኔም ለረጅም ጊዜ ከእነዚህ ጋር ነበርኩ። ሐሳቤን ያስቀየረኝ ሁላችንም ከልጅነታችን የምናውቀው ተረት ነው፤ በቃል ያለ ይረሳል፣ በመጽሐፍ ያለ ይወረሳል። ይህን ተረት ይዤ ታሪኩን ከመጀመሪያው ስመለከተው አጨራረሱ ከጅምሩ የተዘጋጀ ሆኖ አገኘሁት። ፍራንክሊን የቃል ሰው ነው። የኖረው በአፉ ነው፤ በቃለ መጠይቅ፣ በጨዋታ፣ በግብዣ። ፌሪስ የጽሕፈት ሰው ነው። ፍራንክሊን በሕይወቱ አንድ ጊዜ ድንቅ ነገር አሰበ፤ ግን ተናገረው እንጂ አልጻፈውም። የጻፈው ሌላው ነው። ስለዚህ ወረቀቱ በኮሎምቦ እጅ ሲቀርብ ፍራንክሊን ሁለት መንገድ ብቻ ነው ያለው፤ ዝም ብሎ ነጻ ለመውጣት መሞከር፣ ወይም ሐሳቡ የእኔ ነው ማለት። የመጀመሪያውን ቢመርጥ የሕይወቱን ብቸኛ ፈጠራ ለገደለው ሰው ማውረስ ሊሆንበት ነው። በመጻሕፍት ሽፋን ላይ በማይገባው ስም ሲኮራ የኖረ ሰው፣ የሚገባው ነገር አንድ ጊዜ ሲመጣ እንዴት ዝም ይላል? ወረቀቱ ለዳኛ ደካማ ማስረጃ ነው። ለፍራንክሊን ግን ከዚያ የከበደ ማስረጃ አልነበረም፤ ኮሎምቦም ወረቀቱን ያነበበው ለእሱ እንጂ ለችሎት አልነበረም።

ይህን የጻፉትና ያዘጋጁት ሰዎች የሚያውቁትን ነው ያቀረቡት። ሌቪንሰንና ሊንክ ራሳቸው በአንድ ርእስ ሥር ሁለት ስም የሚያሰፍሩ ጥንድ ደራሲዎች ነበሩ። የእነሱ ጥምረት በሞት እንጂ በጠብ አልፈረሰም። ሆኖም ሁለት ሆኖ የሠራ ሰው ሁሉ፣ ቴአትር ይሁን ዜማ ወይም ንግድ፣ ያቺን ጥያቄ ያውቃታል፤ ይህ ሐሳብ የማን ነበር?

የሚወደድ ገዳይ

በአንድ ነገር ሦስቱም ወገኖች ይስማማሉ፤ ጃክ ካሲዲ ድንቅ ነው። ፍራንክሊንን የሚጫወተው ይህ ተዋናይ ከብሮድዌይ መድረክ የመጣ፣ በ1964 የቶኒ ሽልማት ያገኘ ሰው ነበር። ፈገግታው ጥርስ በጥርስ ነው፤ ልብሱ እንደ ሙሽራ ነው። ኮሎምቦን ሲያነጋግር ልጅን እንደሚያባብል ትልቅ ሰው ነው። ተመልካቹ በንቀቱ ይበሽቃል፣ ከስክሪኑ ሲለይ ደግሞ ይናፍቀዋል። ከሁለት ዓመት ከጥቂት ወራት በኋላና በ1976 እንደገና በሌሎች ክፍሎች ገዳይ ሆኖ ተጋብዟል፤ በጠቅላላ ሦስት ጊዜ። በ1976 ዲሴምበር በመኖሪያ ቤቱ በተነሣ እሳት ሕይወቱ አለፈ።

ካሲዲ ፍራንክሊንን የሚያስጠላ ቢያደርገው ኖሮ ሥራው ይቀልለት ነበር። እሱ ግን የሚወደድ አደረገው፤ ከዚህ የተነሣ ገዳይን የመውደድ ጥፋት በእኛ ላይ ወደቀ። ይህ ጥፋት የሚታወቀን አንዲት ሴት ስንመለከት ነው።

ባለሱቋ

ሊሊ ላ ሳንካ ትባላለች። ፍራንክሊን የደወለባት የዚያች ሱቅ ባለቤት ናት። የፍራንክሊን አድናቂ ናት፤ መጻሕፍቱን ታነባለች። ብቸኛ ናት፤ ብቸኝነቷን ግን በሣቅ ትሸፍናለች። ያን ቀን ሱቋ ሆና በመኪናው ውስጥ የተቀመጠውን ሰው አየች። ፍራንክሊን ብቻዬን ነኝ ሲል፣ ብቻውን አለመሆኑን በዓይኗ አየች።

የፌሪስን ሞት ከሰማች በኋላ ፖሊስ ጋ አልሄደችም። ፍራንክሊንን ቴአትር ቤት ድረስ ተከትላ ያየችውን ነገረችው። የአፍ ማዘጊያ 15,000 ዶላር ጠየቀች። እሱም እሺ አለ፤ ሻምፓኝ ይዞ መጣ፤ ራት አብሯት በላ፤ በሻምፓኙ ጠርሙስ መትቶ ገደላት። በጀልባ ስትጓዝ የሰጠመች እንድትመስል ሐይቁ ውስጥ ጣላት። ኮሎምቦ በኋላ የሻምፓኙን ቡሽ ያገኛል፤ ፍራንክሊን በፊርማው ያበረከተላትን መጽሐፍም ያገኛል።

ስለ እሷ ተመልካቾች የሚናገሩት ነው እኔን የሚያሳስበኝ። አንዳንዱ በገዛ እጇ ነው ይላል፤ ገዳይን ገንዘብ የጠየቀች ሴት ምን ትጠብቃለች? ሌላው ሞኝነቷን ይታዘባል። እንደ እኔ ያለው ደግሞ እሷ ስትሞት ታሪኩን ማየት ያቅተዋል። ፌሪስ ሲሞት ሴራው እንዴት ይሳካ ይሆን ብለን በጉጉት ነበርን፤ ሊሊ ስትሞት ግን ጉጉቱ ይጠፋል። ጨዋታ መስሎን የነበረው ነገር ጨዋታ አለመሆኑን ያሳየችን እሷ ናት።

ገንዘቡን መጠየቋ ጥፋት ነው። ነገር ግን ፊቷን አይቶ ይህች ሴት ገንዘብ ብቻ ፈልጋ ነው የሚል ሰው ያለ አይመስለኝም። የምታደንቀው ደራሲ አንድ ጊዜ እንኳ ተቀምጦ እንዲያነጋግራት ፈልጋለች። ሊሊን የምትጫወተው ባርባራ ኮልቢ ይህን ያለ አንድ ተጨማሪ ቃል፣ በሣቋና በዓይኗ ብቻ ነው የምትነግረን። በክፍሉ ውስጥ ያላት ጊዜ አጭር ሆኖ ሳለ ከሁሉም በላይ ልብ ውስጥ የምትቀረው እሷ ናት።

ሌላም ነገር አለ። በዚህ ታሪክ ውስጥ እውነተኛ የዓይን ምስክር ሊሊ ብቻ ነበረች። ኮሎምቦ ሲፈልገው የኖረው፣ ተቃዋሚዎቹ ተመልካቾች የት አለ የሚሉት፣ ችሎት ፊት የሚቆመው ማስረጃ በእሷ ዘንድ ነበር። ያየችውን ግን በቃል ተናገረችው፤ የተናገረችውም ለገዳዩ ብቻ ነው። አልጻፈችውም። ስለዚህ አብሯት ሐይቁ ውስጥ ገባ። በአንድ ታሪክ ውስጥ የሟቹ ፌሪስ ወረቀት ተናገረ፤ የሊሊ ቃል ግን ጠፋ። የአጨራረሱ መሳሳት ከጸሐፊው ድክመት የመጣ ነው ብዬ አሁን አላምንም። ማስረጃው የሳሳው ምስክሯ ስለሞተች ነው።

ያልተዘጋው መዝገብ

ኮሎምቦ በ69 ክፍሎች፣ እስከ 2003 ድረስ፣ ገዳይን ሳይደርስበት አልቀረም። እኛም ስናየው ይህን አስቀድመን ስለምናውቅ ነው ዘና ብለን የምንቀመጠው። የእኛ ተረት እንደሚለው እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል፤ በኮሎምቦ ዓለም ከሁለት ሰዓት በላይ አያድርም።

ባርባራ ኮልቢ ከዚህ ክፍል በኋላ ሥራዋ እየሰፋ ሄደ። በ1975 «ፊሊስ» በተባለ አዲስ አስቂኝ ተከታታይ ድራማ ውስጥ ቋሚ ሚና አገኘች። ሦስት ክፍሎች ብቻ እንደቀረጸች፣ ጁላይ 24 ቀን 1975 ማታ፣ ሎስ አንጀለስ ውስጥ ከትወና ትምህርት ወጥታ ከአንድ ባልደረባዋ ጋር ስትሄድ ተተኮሰባቸው። እሷ እዚያው ሞተች፤ ባልደረባዋም ቆይቶ ሞተ። 36 ዓመቷ ነበር። የገደሏት ሰዎች እስከ ዛሬ አልተያዙም።

ይህን ያወቅሁት ክፍሉን ብዙ ጊዜ ካየሁ በኋላ ነው። ከዚያ ወዲህ ስለ አጨራረሱ ስከራከር ድምፄ ዝቅ ይላል። ማስረጃው ሳሳ፣ የእምነት ቃሉ ቶሎ መጣ እያልን የምንሟገተው፣ እውነት በመጨረሻ መገለጧን እንደ መብታችን ስለቆጠርነው ነው። በዚያው ከተማ፣ ካሜራ በሌለበት መንገድ ላይ፣ ማንም ወረቀት አልተወም፤ ማንም ሐሳቡ የእኔ ነበር ብሎ አልተናገረም።

አሁን ክፍሉን ስከፍት የምጠብቀው የጽሕፈት መኪናውን ድምፅ ብቻ አይደለም። ያቺን ትንሽ ሱቅ እጠብቃለሁ። ፍራንክሊን ስልኩን ይዞ ብቻዬን ነኝ ይላል። ሊሊ እዚያው ናት፤ በመኪናው ውስጥ ያለውን ሰው ታየዋለች። በዚያች ደቂቃ እውነቱን ከእኛ ሌላ የሚያውቅ አንድ ሰው አለ፤ እሷም ገና በሕይወት አለች፣ ገናም ትሥቃለች።